ለአንድ ሰው የሚበቃ በረዶ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለም። የተሰረቀ ነገር የለም። ፖሊስም አልመጣም። ነገር ግን አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ዴንቨር ከተማ ሞንትቤሎ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ቤት፣ አምስት ሰዎች ላልሞተ ሰው አልቅሰዋል። ያስለቀስኳቸው እኔ ነኝ። ከአልቃሾቹም አንዷ እኔው ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ልጽፈው ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ በዚህኛው ልጨርሰው።

ነገሩ የሆነው በ2016 እ.ኤ.አ.፣ ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን ባሉት ወራት ነው። ኮሌጅ የገባሁት በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ስለሆነ አሁንም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከአእምሮዬ ያልጠፋውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ትምህርት የጀመርኩትና ሰው የበደልኩት በአንድ ሰሞን ነው።

በዲቪ ብቻዬን ስመጣ የተቀበሉኝ እትዬ ጽጌ ናቸው። ከእናቴ ጋር ደሴ ጎረቤታሞች ነበሩ። ቤዝመንታቸው ውስጥ ያለችውን ክፍል ሰጡኝ፤ ኪራይ የሚባል ነገርም አላነሱብኝም። እኔም በበኩሌ እንዳልከብዳቸው የማላደርገው ነገር አልነበረም። ሳይነግሩኝ ዕቃ አጥባለሁ፤ ሳይጠሩኝ «አቤት» እላለሁ። «እሺ» ማለት ልማዴ ሆኖ ነበር።

እትዬ ጽጌ አውሮራ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራሉ። ባለቤታቸው ጋሽ ክፍሎም ደግሞ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳሉ። አሰብ ተወልደው ያደጉ ኤርትራዊ ናቸው፤ የተማሩት በአማርኛ ስለሆነ በቤቱ የሚነገረው አማርኛ ነው። ልጅ የላቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ ድምፅ ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ የሰማ ጎረቤት የለም ይባላል።

በፌብሩዋሪ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ጽጌ ሥራ ላይ እያሉ፣ ጋሽ ክፍሎም የክፍሌን በር አንኳኩ። ከዚያ በፊት ወደ እኔ ክፍል ወርደው አያውቁም። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እደጁ ላይ ቆሙ።

«ፍሬ፣ ሥራ ይዘሻል?»

«ኧረ አልያዝኩም ጋሼ፣ ይግቡ» አልኳቸው። በማግሥቱ ፈተና ነበረብኝ።

«አልገባም። ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር እንድታዪልኝ ነው። ዛንዚባር የምትባል ደሴት አለች። ከውጭ የመጣ ሰው እዚያ ሲኖር በወር ስንት ይበቃዋል? ቤቱን፣ ምግቡን፣ መብራቱን፣ ሁሉንም በየመስመሩ ጻፊልኝ።»

«ለስንት ሰው ጋሼ?»

«ለአንድ ሰው» አሉ።

ደረጃውን ወጥተው ከጨረሱ በኋላ ተመለሱ። «ለጽጌ እንዳትነግሪ።»

«እሺ» አልኩ።

እስከዚያ ድረስ ምንም አልጠረጠርኩም ነበር። «እንዳትነግሪ» ሲሉኝ ግን ጆሮዬ ቆመ። ጸጥተኛ ሰው ምስጢር ሲይዝ ከለፍላፊ ሰው ምስጢር የበለጠ ያስፈራል።

ቢሆንም ሥራውን በትጋት ሠራሁት። ስፈልግ አንድ ጥሩ ገጽ አገኘሁ። የጻፉት ጡረታ ወጥተው ወደ ደሴቲቱ የሄዱ ፈረንጅ ባልና ሚስት ናቸው። በሁለት የኮኮናት ዛፎች መካከል በተዘረጋ መረብ ላይ ተጋድመው ፎቶ ተነሥተዋል። ገጹ በገነት መኖር ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ የሚያወሳ ነው። የወር ወጪያቸው በየመስመሩ ተዘርዝሯል፤ ቤት፣ መብራት፣ ዓሣ፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬ፣ ታክሲ። እነሱ ሁለት ስለሆኑ ዝርዝሩን ሁሉ ለሁለት አካፈልኩት። በዚህ ጥንቃቄዬም ደስ አለኝ። «የአንድ ሰው የወር ወጪ» የሚል ርዕስ ሰጥቼ፣ ሠንጠረዥ ሠርቼ፣ ላይብረሪ ሄጄ በቀለም ፕሪንት አደረግሁት። ለኮሌጅ እንኳ እንዲህ ያማረ ወረቀት አስገብቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ዕለት ጋሽ ክፍሎም ቫኑ ውስጥ ተቀምጠው ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ቤት ይቺ ብቻ ናት?»

«አዎ ጋሼ።»

«መብራትም ይቺው?»

«አዎ፣ በጣም ርካሽ ነው።»

«በረዶስ?»

«የምን በረዶ?»

«የሚገዛ በረዶ ነዋ። በየቀኑ የሚገዛ። ስንት ይላል?»

ገጹ ላይ ስለ በረዶ የተጻፈ ነገር አልነበረም። አላውቅም ማለት ግን አልወደድኩም። «እዚያ የሚኖር ሰው በረዶ አይገዛም ጋሼ፤ ማቀዝቀዣ አለው» አልኳቸው፤ ዛንዚባር ተወልጄ እንዳደግሁ ሁሉ።

በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አዩ። ደጁ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ ተቆልሏል። «እኔ እዚህ በነጻ እጠርጋለሁ» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አይልም ነበር። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ከመሪው በላይ ባለው የፀሐይ መከለያ ሥር ሻጡት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ለአንድ ሰው። ደሴት። ርካሽ ቤት። በየቀኑ የሚገዛ በረዶ ደግሞ ለመጠጥ እንጂ ለሌላ ለምን ይሆናል? ጋሽ ክፍሎም ሚስታቸውን ትተው ሊሄዱ ነው ብዬ ደመደምኩ። እንዴት እንደሚኖሩ የሚያሳየውን ወረቀት በቀለም አሳምሬ የሰጠኋቸው ደግሞ እኔው ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ያሳሰበኝ የእትዬ ጽጌ ትዳር ብቻ አልነበረም። ትዳሩ ከፈረሰ ቤቱ ይሸጣል፤ ቤቱ ከተሸጠ እኔ የት እወድቃለሁ? የዴንቨር ኪራይ በየወሩ እየጨመረ ነው ሲባል በየቀኑ እሰማለሁ።

ምልክቶቹንም መቁጠር ጀመርኩ። ቀደም ሲል ጋሽ ክፍሎም አንዳንድ ጊዜ ቫኑ ውስጥ ሆነው ስልክ ያወሩ ነበር። ከወረቀቱ በኋላ ግን ማውራቱን ተዉት። ስልኩ ይጠራል፤ ያዩታል፤ ገልብጠው ይደፉታል። ራት ላይ ሆነው እንኳ ይደፉታል። እኔ አያለሁ። እትዬ ጽጌም ያያሉ።

አንድ ቀን እትዬ ጽጌ ወጥ ቤት ሆነው ጠሩኝ። በአንድ የግሮሰሪ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ቁጥር ጽፈዋል።

«255 ብሎ የሚጀምር ስልክ የት አገር ነው?»

የታንዛኒያ መሆኑን አውቃለሁ። ገጹን ስፈልግ አይቼዋለሁ። «አላውቅም እትዬ» አልኩ።

«ኮሌጅ ገብተሽ ይቺን ካላወቅሽ ታዲያ ምኑን ነው የሚያስተምሩሽ?» ለመሳቅ ሞከሩ፤ ግን አልቻሉም። «ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ስልክ ሲደፋ አይቼው አላውቅም። ስልክ የሚደፋ ወንድ…»

ቀሪውን አልጨረሱትም። ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ። እኔ ደረጃውን ወርጄ በሬን ዘጋሁ። ያስጠለሉኝን ሴት ፊት ለፊት ቆሜ ዋሸሁ።

በማርች መጨረሻ ከኮሌጅ ስመለስ ፒዮሪያ መንገድ ላይ ባስ እየጠበቅሁ ሳለ አንድ ታክሲ አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። የጋሽ ክፍሎም የልብ ጓደኛ ናቸው፤ በአውሮራና በዴንቨር የተጣላ ባልና ሚስት ካለ መጀመሪያ የሚጠሩትም እሳቸው ናቸው።

«ግቢ፣ ሜትር አላበራም» አሉኝ። ጥቂት እንደሄድን በመስተዋቱ አዩኝ። «ምነው ፊትሽ? ፈተና ወደቅሽ እንዴ?»

ይህን ያህል ብቻ ነው የጠየቁኝ። እኔ ግን አለቀስኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጋሽ ደምሴ ሬዲዮውን አጠፉ። አንድ ነዳጅ ማደያ ገብተው ፓርክ አደረጉ። «ለአንድ ሰው ነው ያለሽ?»

«ለአንድ ሰው።»

«አልተሳሳትሽም?»

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ ጋሼ።»

«አይ ክፍሎም! ሰው በስድሳ ሦስት ዓመቱ ጉልበቱን ይታከማል እንጂ ዛንዚባር ይሄዳል?» ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ይሄ የሽማግሌ ጉዳይ ነው። አንቺ አፍሽን ዝጊ፤ ለጽጌም ትንፍሽ እንዳትዪ። ሰሞኑን እንመጣለን።»

«እሺ» አልኩ። በአንድ ቤት ጉዳይ ይህ ስንተኛው «እሺ» እንደሆነ ጠፋኝ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም ደግሞ ሠራተኞች ናቸው። ጋሽ ደምሴ ታክሲ ይነዳሉ። ሁለተኛው ከሊትልተን የሚመጡ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ሦስተኛው የአንድ ሆስፒታል መኪና ማቆሚያ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። የሦስቱ ሺፍት አልገጥም ብሎ ሁለት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ አንድ ክፍት ሰዓት ተገኘ። ቅዳሜ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ጥበቃው ከሥራ ሲወጡ፣ ሁለቱ ደግሞ ሳይገቡ። ሰዓቱን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። ሽማግሌዎቹም ስለ ሰዓቱ ሌላ ነገር አላሰቡም። ሰዓት ተገኘልን ብለው ደስ ብሏቸው መጡ።

ወሩ ኤፕሪል ቢሆንም ዓርብ ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አደረ። እኔ በዚያ ጧት ክፍሌ ውስጥ አነብ ነበር። የቤዝመንት መስኮት የሚያሳየው የሰው እግር ብቻ ነው። ሦስት ጥንድ ጥቁር ጫማ፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ፣ ቀስ እያለ በበረዶው ላይ ሲያልፍ አየሁ። ወደ ደረጃው ሮጥኩ።

ጋሽ ክፍሎም ደጁን ሊጠርጉ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የበረዶ አካፋ ይዘው፣ በሩን ከውስጥ ከፈቱ። ሦስቱ ሰዎች በሩ ላይ ናቸው። ጥበቃው የሥራ ልብሳቸውን፣ ጥቁሩን ካፖርት እንደለበሱ ነው። ሦስቱም ባርኔጣቸውን አውልቀው በደረታቸው ይዘዋል። ፊታቸው የሽማግሌ ፊት ነው። በእኛ ዘንድ በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ሆኖ፣ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም።

ጋሽ ክፍሎም አካፋውን እንደያዙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ጋሽ ደምሴ ትከሻቸውን ያዝ አደረጓቸው። ሽምግልና የሚጀመርበትን ቃል ነው የተናገሩት፤ ክፋት አልነበረውም። «ክፍሎም፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል።»

መርዶ የሚያረዳ ሰውም የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው።

አካፋው ወለሉ ላይ ወደቀ። «ሐብቶም!» ብለው ጮኹ ጋሽ ክፍሎም። «ወንድሜን! ወንድሜን! በረዶ ከለከልኩት! ሌባ ብዬ ጠርጥሬው! ስልኩን እየደፋሁ ገደልኩት!» ደረታቸውን እየመቱ ተንበረከኩ።

ጋሽ ደምሴ ጓደኛቸው እንዲህ ሲሆን ባዩ ጊዜ ማን እንደሞተ ሳያውቁ አብረው ማልቀስ ጀመሩ። የሊትልተኑ ሰውዬም ተከተሉ። እትዬ ጽጌ ከመኝታ ቤት በሌሊት ልብሳቸው ወጡ፤ ሦስቱን ሰዎች አዩ፤ ሌላ አልጠየቁም። «ወይኔ ሐብቶም! ወይኔ የባሌ ወንድም!» እያሉ ጮኹ። እኔም ደረጃው ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ሐብቶም የሚባል ሰው መኖሩን የሰማሁት ገና በዚያች ደቂቃ ነበር።

ያላለቀሱት ጥበቃው ብቻ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ስላደሩ ነው መሰል ግራ ተጋብተው ዙሪያውን ካዩ በኋላ፣ እጃቸውን እንደ ተማሪ አወጡ። «ይቅርታ፣ ማነው የሞተው?»

ልቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ።

«እናንተ አይደላችሁ እንዴ የምታረዱን?» አሉ እትዬ ጽጌ።

«እኛማ» አሉ ጋሽ ደምሴ አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ «እኛማ ስለ ትዳራችሁ ነው የመጣነው።»

«ስለ ምናችን?» አሉ ባልና ሚስቱ በአንድ ላይ።

ጋሽ ደምሴ ወደ ደረጃው ዞር አሉና በጣታቸው አመለከቱኝ። «ይቺ ልጅ ናት፤ ክፍሎም ለብቻው ዛንዚባር ሊሄድ ነው ያለችኝ።»

ያን ጊዜ ሁሉም ዞረው አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኝቼ አላውቅም።

ነገሩ ያኔ ተፈታ። ሐብቶም የጋሽ ክፍሎም ታናሽ ወንድም ነው። ከአሰብ ወጥቶ በጭነት መርከቦች ላይ መካኒክ ሆኖ ሲዞር ኖሮ ዛንዚባር የቀረ ሰው ነው። ባልና ሚስቱ «ለዘመድ የምንልከው ለበዓል ብቻ ይሁን» ብለው ከተስማሙ ቆይተዋል። ጋሽ ክፍሎም ግን ተደብቀው በየወሩ ለሐብቶም ይልካሉ። ሐብቶም ደግሞ አልበቃኝም ይላል። «ምን ላይ እንደምታውለው ጻፍልኝ» ሲሉት ዝርዝር ይልክላቸዋል። ከዝርዝሩ ውስጥ ያናደዳቸው አንድ መስመር ነው፤ በረዶ። በየቀኑ በረዶ። ውስኪ እየጠጣበት ነው ብለው ጠረጠሩ። እውነቱን ለማጣራት ወደ እኔ መጡ። የእኔ ወረቀት ደግሞ አንድ ሰው እዚያ በጥቂት ነገር ተንደላቆ እንደሚኖር ተናገረ። ከዚያ በኋላ መላክ አቆሙ። ስልኩንም ማንሣት አቆሙ።

«እስቲ አሁን ደውል» አሉ እትዬ ጽጌ። ድምፃቸው እንደዚያ ቀዝቅዞ ሰምቼው አላውቅም።

ጋሽ ክፍሎም ደወሉ። ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አደረጉት። ጠራ፤ ጠራ፤ የሚያነሣ የለም። ያለ ሞት የተለቀሰው ልቅሶ እውነት ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ። እንደገና ደወሉ። ተነሣ።

የሴት ድምፅ ነበር።

እትዬ ጽጌ ባላቸውን አዩአቸው። ሴትዮዋ በስዋሂሊ ፈጠን ፈጠን እያለች ትናገራለች፤ ከመካከላችን ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። ከዚያ ዞር ብላ የሆነ ሰው ጮኻ ጠራች። የሚሮጥ እግር ተሰማ።

«ሓወይ!» አለ የወንድ ድምፅ እያለከለከ፤ በትግርኛ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ምነው? ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«አንተ!» አሉ ጋሽ ክፍሎም። «አንተ ነህ የሞትከው!» ደግሞ አለቀሱ፤ አሁን ግን እየሳቁም ነበር።

ሰውዬው ምንም አልገባውም። እትዬ ጽጌ ስልኩን ተቀበሉ። «ሐብቶም፣ ጽጌ ነኝ። ማናት ስልክህን ያነሣችው?»

«ዓሣ ሻጯ ናት።»

«ስልክህ ዓሣ ሻጭ ጋ ምን ይሠራል?»

«እሷ ጋ ነው የምውለው። የበረዶ ሣጥን አላት።»

«በረዶውን ለምንድነው የምትፈልገው?»

ዓሣ ሻጯ ከኋላ የሆነ ነገር ስትለው ተሰማ።

«ለመድኃኒት» አለ በመጨረሻ። «ስኳር አለብኝ። መርፌው መቀዝቀዝ አለበት፤ የተከራየሁት ክፍል መብራት የለውም። በረዶ መግዛት ሲያቅተኝ እሷ ከዓሣው ጋር ታስቀምጥልኛለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?» ብለው ጮኹ ጋሽ ክፍሎም።

«ሦስት ዓመት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳትጨነቅ ብዬ ነዋ።»

እትዬ ጽጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሆስፒታል ወጥ ቤት ለስኳር ሕመምተኞች ምግብ የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። መድኃኒቱ ሙቀት ሲነካው ምን እንደሚሆን ከሁላችን የበለጠ ያውቃሉ።

ሽማግሌዎቹ ቁርስ ሳይበሉ አልሄዱም። ላልሞተ ሰውም ቢሆን ያለቀሰን ሰው በባዶ ሆዱ ማሰናበት አይሆንም። ጋሽ ደምሴ ፍርፍሩን እየጎረሱ፣ «ከመጣን አይቀር እናንተንም እናስታርቃችሁ» አሉ።

«እኛ መቼ ተጣላን?» አሉ እትዬ ጽጌ።

«አሁን ስንወጣ ትጣላላችሁ።»

እውነታቸውን ነበር። ያን ቀን የቤቱን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረቤት ሰማው። «ወንድምህ በመታመሙ ልጣላህ ነበር እንዴ? እኔ ሰው አይደለሁም?» ሲሉ ቤዝመንት ድረስ ይሰማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ያን ገጽ እንደገና ከፍቼ አነበብኩት። በፌብሩዋሪ እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም ነበር። ባልና ሚስቱ ቤቱን ገዝተውታል። «ቤት» ብለው የጻፉት ለጥገና የሚያወጡትን ነው። መብራታቸው ከጣሪያቸው ላይ ከፀሐይ የሚመጣ ነው። መድኃኒት የሚል መስመር የለም፤ ጤነኞች ናቸው። እኔ ደግሞ ይህንኑ ለሁለት አካፍዬዋለሁ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲኖር ግማሽ ጣሪያ የሚበቃው ይመስል። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ከጃንዋሪ ጀምሮ ይህን ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው ብላችሁ ጠይቁ እያሉ ሲነግሩን ነበር። ደብተሬ ላይም ጽፌው ነበር፤ ከሥሩም አስምሬበታለሁ።

ማታ ሁለቱን ፊት ለፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ዕቃዬን መሰብሰብ እንደምችልም ተናገርኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጋሽ ክፍሎም። «ያልኩሽን ነው የሠራሽው። ሁለተኛ ግን ሰው ለሁለት አታካፍዪ።»

እትዬ ጽጌ ግን ቶሎ አልለቀቁኝም። «255 የት እንደሆነ አላውቅም ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ እትዬ። ዋሽቻለሁ።»

«አስጠልዬሻለሁ ብለሽ ሁሉን እሺ አትበዪ። እሺ ባይ ሰው ያስፈራል፤ ለማን እሺ እንዳለ አይታወቅማ። ዕቃሽን የትም አትወስጂም። ሂጂ ተኚ።»

ከዚያ ወዲያ የሐብቶም ዝርዝር የሚመጣው ለእትዬ ጽጌ ሆነ። በየወሩ በቫኑ ውስጥ ሳይሆን በወጥ ቤቱ ፍሪጅ በር ላይ ይለጠፋል። በረዶ የሚለው መስመር ከሁሉ በላይ ሆነ፤ እትዬ ጽጌ መጀመሪያ እሱን ነው የሚያዩት። ከሁለቱ ደመወዝ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ መጠራቀም እንደጀመረም አውቅ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

አሁን ስለዚያ ቅዳሜ ሳስብ አሁንም አፍራለሁ። ጋሽ ደምሴ ባገኙኝ ቁጥር «እንዴት ነው፣ ዛሬስ ማን ሊሄድ ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እስቃለሁ፤ ግን ፊቴ ይቀላል። መጠርጠሩን አልተውኩም፤ ብቻ አሁን ከሰው በፊት ወረቀቱን እጠረጥራለሁ፤ የራሴን ወረቀት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ። እትዬ ጽጌ አንድ ነገር ሲያዙኝም አንዳንዴ «አሁን አልችልም፣ ፈተና አለብኝ» እላለሁ። ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

በጁን አዲስ ዝርዝር መጣ። እትዬ ጽጌ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ክፍል፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሩዝ፣ መርፌ። በረዶ የለም።

«ድገሚው» አሉ ጋሽ ክፍሎም።

ደገሙት። በረዶ የሚል መስመር የለም። የጋሽ ክፍሎም ፊት ተለዋወጠ፤ ወዲያው ደወሉ። «በረዶው የት ሄደ? አሁን ደግሞ ምን ደብቀኸኝ ነው?»

«በላካችሁት ገንዘብ ማቀዝቀዣው ተገዛ!» አለ ሐብቶም። ይስቅ ነበር። «መብራት ያለው ክፍል ገባሁ። መብራት ቢጠፋ እንኳ እስከ ጧት ይቀዘቅዛል።»

«አላምንህም» አሉ ጋሽ ክፍሎም። «ስልኩን አስጠጋውና አሰማኝ።»

አስጠጋው። ሦስታችንም በሞንትቤሎ ወጥ ቤት ቆመን አዳመጥን። እም… ይላል፤ ልክ አጠገባችን እንዳለው ፍሪጅ። ጋሽ ክፍሎም ጆሯቸውን ወደ ስልኩ ዘንበል አድርገው ብዙ ቆዩ። እኔና እትዬ ጽጌም አልተንቀሳቀስንም።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። ብዕር አነሡና በዝርዝሩ ግርጌ ላይ ቀኑን ጻፉ፤ ቅዳሜ፣ ጁን 11 ቀን 2016።